ትራንስፎርመር በዳክ መውጫ ላይ፦ ብረቱ እስካልጠገበ ድረስ

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ለአዲስ አንባቢ፦ ዳክ የኮምፒውተሩን ዲጂታል ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ የድምፅ ምልክት የሚቀይር ነው፤ ኦፕ-አምፕ ያንን ምልክት የሚያስተካክልና የሚያጎላ ትንሽ ቺፕ፣ ሃም ደግሞ ስፒከሩ የሚያሰማው የ‹እምምም› ጫጫታ ነው።

«ጋሼ፣ ፒሲኤም1794ኤ የሚባል ቺፕ ያለበት የዳክ ቦርድ ገዝቼ በአሮጌ ቴፕ ሳጥን ውስጥ ራሴ ገጣጥሜዋለሁ። በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ሳገናኘው ስፒከሩ ‹እምምም› ይላል። ኦፕ-አምፖቹን አንስቼ በምትካቸው የኦዲዮ ትራንስፎርመር ባስገባ ሃሙም ይጠፋል፣ ድምፁም ሞቅ ይላል ብለውኛል። ከተጣለ ሞደም የነቀልኳቸው ‹600 በ600› የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመሮች አሉኝ። ይሆናሉ ወይ? ካልሆኑም ሞተር የሚጠቀልል ጎረቤት አለኝ፤ እሱ ቢሠራልኝስ?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብለን እንየው። የሞደሙ ትራንስፎርመሮች አይሆኑም። የጎረቤትህ እጅ የተባረከ ቢሆንም ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብረት እሱ ዘንድ የለም። ትክክለኛ ትራንስፎርመር ከተገኘ ግን ሃሙን ሊያጠፋልህ ይችላል፤ ሃሙ እኔ ከምጠረጥረው ቦታ የሚመጣ ከሆነ። ኦፕ-አምፖቹን ግን ሁሉንም አትንቀላቸው። ኦፕ-አምፕና ትራንስፎርመር ጣውንቶች አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ያገለግላል።

ካውያህን ከመሰካትህ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክር። ሙዚቃ ሳታጫውት አምፕሊፋየሩን ሁልጊዜ በምታዳምጥበት ልክ ክፈተውና ሃሙን ስማው። ከዚያ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ንቀለው፤ በባትሪ ይሥራ። ሃሙ ከቻርጀሩ ጋር አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የኦፕ-አምፖቹም የዳኩም አይደለም፤ የመንገዱ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ከ220 ቮልቱ ወገን ወደ ዲሲው ወገን የተዘረጋች ትንሽ ካፓሲተር አለች። የተቀመጠችው ቻርጀሩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንዳይረብሽ ነው። ባለ ሁለት እግር ሶኬት ላይ የተሰካ ላፕቶፕን ብረቱን በጣትህ ጀርባ በስሱ ስታሻሸው ንዝር የሚያደርግህ እሷ የምታሳልፈው ከረንት ነው። 2.2 ናኖፋራድ ብትሆን በ220 ቮልትና በ50 ሄርዝ የምታሳልፈው ቢበዛ 0.15 ሚሊአምፒር ነው። አይገድልም። ግን መመለሻ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በዩኤስቢ ገመዱ ግራውንድ፣ በዳክህ ግራውንድ፣ ከዚያም ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የአርሲኤ ገመድ ሽፋን በኩል ነው። ያ ሽፋን ደግሞ የሙዚቃውም መመለሻ ነው። መሰኪያው ዝጎ 1 ኦም ብቻ ቢያበጅ 0.15 ሚሊቮልት ጫጫታ ከሙዚቃው ጋር ተደመረ ማለት ነው። ከ2 ቮልት ሙዚቃ አጠገብ ምንም አይመስልም፤ ሙዚቃው ጸጥ ሲል ግን ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው።

ትራንስፎርመር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሙዚቃው በማግኔት ይሻገራል፣ ሽቦው ግን ይቋረጣል። ፕራይመሪው፣ ማለትም መግቢያው ጥቅል፣ የዳኩ ወገን ነው፤ ሴኮንደሪው፣ ማለትም መውጫው ጥቅል፣ የአምፕሊፋየሩ ወገን፤ በመካከላቸው የሚያገናኝ መዳብ የለም። ያ ከረንት መሻገሪያ ያጣል።

ቻርጀሩን ነቅለህ ሃሙ ንቅንቅ ካላለ ግን ጣጣው ሳጥንህ ውስጥ ነው። ቴፑ ሳጥን ውስጥ የኃይል ትራንስፎርመሩ ከቦርዱ ስንት ጣት ይርቃል? ድምፁ ለስላሳ ‹እምምም› ከሆነ 50 ሄርዝ ነው፣ ከማግኔት ወይም ከግራውንድ ይመጣል። ሻከር ያለ ‹ዝዝዝ› ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 100 ሄርዝ ነው፤ ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው ከሬክቲፋየሩ በኋላ ያለው ፊልተር ካፓሲተር አርጅቷል ወይም አንሷል። በእነዚህ ሁኔታዎች የኦዲዮ ትራንስፎርመር ማስገባት ነገር ማባባስ ነው፤ እሱ ራሱ ማግኔት ለመሰብሰብ የተሠራ ጥቅል ነውና ጎረቤቱ የሚረጨውን ሃም ሁሉ ይለቅማል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ቦርድህን ገልብጠህ እይ፤ ፒሲኤም1794ኤ የሚሸጥባቸው ብዙ ቦርዶች ኦፕቲካል መግቢያ አላቸው። ካለህ፣ ከዩኤስቢ ወደ ኦፕቲካል የምትቀይር ትንሽ መሣሪያ ገዝተህ በብርሃን ገመድ ብታገናኘው ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝህ መዳብ ያኔውኑ ይቆረጣል። ዋጋው ከአንድ ጥሩ ትራንስፎርመር በብዙ ያንሳል። ትራንስፎርመር ስለጠየቅኸኝ ብዬ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም።

እንግዲህ ወደ ብረቱ እንግባ።

ከዓመታት በፊት ሸዋ ሮቢት ላይ ለአንድ ምርቃት ድምፅ ልንሠራ ሄድን። ሚክሰሩ ከአዳራሹ ኋላ ከግድግዳ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሮቹ መድረኩ ሥር ከጄኔሬተር ነበር ኃይል የሚያገኙት። ገና ስንከፍተው አዳራሹን የንብ ቀፎ አደረገው። ለመኪና ቴፕ የሚሸጡትን ሁለት አርሲኤ ያላቸው ትናንሽ መለያ ሳጥኖች ታውቃቸዋለህ፤ ውስጣቸው አንድ ለአንድ የሆኑ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክሉ ትራንስፎርመሮች ናቸው። ሰካናቸው፤ ሃሙ በአንዴ ጠፋ። ላባችንን ጠርገን ተቀመጥን። ንግግሩ በሰላም አለፈ። ከዚያ ከበሮው መጣ። እያንዳንዱ ‹ዱም› ወደ ‹ብጥ› ተቀየረ። የከፋው ደግሞ ከበሮው በተመታ ቁጥር የዘፋኟም ድምፅ አብሮ ይቀደዳል፤ በመካከል ደግሞ ጤነኛ ነው። ሰዉ ስፒከሩ የተቀደደ መሰለው። መለያዎቹን ነቅለን፣ ረጅም ኤክስቴንሽን ዘርግተን ሁሉንም ከአንዱ ከጄኔሬተሩ ስናበላው ሃሙም መቀደዱም ቀረ።

የሆነው ነገር ብረቱ ጠግቦ ነው። ብረት የሚሸከመው ማግኔት ልክ አለው፤ ልኩን ካለፈ ሳቹሬሽን የሚባለው ይመጣል፣ ፕራይመሪው ጥቅል መሆኑ ቀርቶ እንደ ተራ ሽቦ ይሆናል። ልኩን የሚያስጥሰው ቮልቱ ብቻ አይደለም፤ ቮልቱ በአንድ አቅጣጫ የሚገፋበት ጊዜም ነው። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲው በግማሽ ሲወርድ፣ ለዚያው ቮልት ብረቱ የሚሸከመው ማግኔት እጥፍ ይሆናል። ከበሮው ዝቅተኛ ስለሆነ ብረቱን ያጠግበዋል፤ ብረቱ በጠገበባት ቅጽበት በዚያው ጥቅል የሚያልፈው የዘፋኟም ድምፅ አብሮ ይቆረጣል።

አሁን የሞደምህን ትራንስፎርመሮች በዚህ ሚዛን እንመዝን። የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ነው። የአንተው ትራንስፎርመር በ300 ሄርዝ 0.775 ቮልት፣ ማለትም 600 ኦም ላይ 1 ሚሊዋት፣ ንጹሕ አድርጎ እንዲያሳልፍ ተሠርቷል እንበል። በ30 ሄርዝ የሚችለው የዚያን አንድ አሥረኛ፣ 0.0775 ቮልት ብቻ ነው። የአንተ ቦርድ በሁለቱ የአይ-ቪ ኦፕ-አምፖች (የዳኩን ከረንት ወደ ቮልት በሚቀይሩት) መካከል ሊያወጣ የሚችለው 4.5 ቮልት ያህል ነው፤ ስሌቱን ወደ ታች አሳይሃለሁ። ከሃምሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። በመንዝ በግ ላይ የአጋሰስ ጭነት ነው የምትጭነው። ለሬዲዮ መገናኛ ወይም ለኢንተርኮም አስቀምጣቸው፤ ለዚያ ግሩም ናቸው።

ጎረቤትህስ? የሞተርና የኃይል ትራንስፎርመር ብረት ሲሊኮን የተቀላቀለበት ነው። ብዙ ማግኔት ይሸከማል፣ ቶሎ አይጠግብም። ደካማው ጎኑ በስሱ ድምፅ ላይ ነው፤ ትንሽ ምልክት ሲመጣለት ለመንቀሳቀስ ይለግማል። የትናንሽ ኦዲዮ ትራንስፎርመሮች ብረት 80 በመቶ ያህል ኒኬል ነው፤ ከሲሊኮኑ ብረት ቀድሞ ይጠግባል፣ ለስሱ ምልክት ግን ወዲያው ይነቃል። በዚያ ላይ ፕራይመሪና ሴኮንደሪው በየድርቡ እየተፈራረቁ፣ ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ፣ በመካከላቸው የመዳብ መጋረጃ ተደርጎ ነው የሚጠቀለለው። አለበለዚያ ከላይ ያለው ድምፅ ይጮኻል ወይም ይጠፋል።

ይሁን እንጂ ጎረቤትህን ሥራ አላሳጣውም። የኃይል ትራንስፎርመርህን እሱ ይጠቅልልልህ፤ ግን ፕራይመሪውን ለ220 ሳይሆን ለ250 ቮልት አስቦ ዙሩን ያብዛው፣ ሴኮንደሪውንም በዚያው ልክ። ብረቱ ከልኩ በታች ስለሚሠራ ወደ ውጭ የሚረጨው ማግኔት ይቀንሳል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሲተኛ ቮልቴጁ ከፍ ካለ ሃሙ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሲጨርስም የመዳብ ቀበቶ ያድርግለት፦ ስስ የመዳብ ቆርቆሮ በጥቅሉ አቅጣጫ ብረቱን ከውጭ በሙሉ ዙሮ ጫፍና ጫፉ በሊድ የተያያዘ። ወደ ውጭ የሚያመልጠው ማግኔት ቀበቶው ላይ ከረንት ያስነሣና ራሱን በራሱ ይቃወማል። ለአንተ ሳጥን ይህ ብቻውን ከማንኛውም ውድ ነገር ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ‹ኦፕ-አምፖቹን አንስተህ› ያሉህን እንመርምር፤ ነገሩ ጥራዝ ነጠቅ ቢሆንም መሠረት አለው። ፒሲኤም1794ኤ የሚያወጣው ቮልት ሳይሆን ከረንት ነው። በእያንዳንዱ ቻናል ሁለት እግሮች አሉት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። እያንዳንዱ እግር ሙሉ ድምፅ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.8 ሚሊአምፒር ይወዛወዛል፣ ሙዚቃ ባይኖርም 6.2 ሚሊአምፒር ቋሚ ዲሲ አለበት። ኦፕ-አምፕ ካልፈለግህ በየእግሩ ትንሽ ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ትሰድና ፕራይመሪውን በሁለቱ እግሮች መካከል ትዘረጋለህ።

22 ኦም ብታደርግ በእያንዳንዱ እግር 136 ሚሊቮልት ዲሲ ይቀመጣል። ሁለቱም እኩል ስለሆኑ በፕራይመሪው ውስጥ ዲሲ አያልፍም፤ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ሙዚቃው ግን ተቃራኒ ስለሆነ ይደመራል፦ በየእግሩ 172 ሚሊቮልት፣ በጠቅላላው ከጫፍ እስከ ጫፍ 343 ሚሊቮልት፣ በአርኤምኤስ (መልቲሜትር በኤሲ በሚያሳየው ልክ) 121 ሚሊቮልት። ይህን አንድ ለአሥር በሚያሳድግ ትራንስፎርመር ብታሳልፈው 1.2 ቮልት ይሆናል። እሰይ ትላለህ። ቆይ። አንድ ለአሥር ያሳደገ ትራንስፎርመር ኢምፒዳንሱን፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ከረንት ያለውን ተቃውሞ፣ መቶ እጥፍ ያሳድገዋል፤ የሁለቱ ሬዚስተሮች 44 ኦም ከመውጫው በኩል ሲታይ 4.4 ኪሎኦም ሆነ። አምፕሊፋየርህ መግቢያው 47 ኪሎኦም ከሆነ ብዙ አይጎዳም፣ 1.1 ቮልት ይቀርልሃል። 10 ኪሎኦም ከሆነ ግን ወደ 0.84 ይወርዳል። በዚያ ላይ ቺፑ እግሮቹ ዜሮ ቮልት አጠገብ ተይዘው እንዲሠሩ ታስቦ ነው የተሠራው፤ 136 ሚሊቮልት ላይ ተቀምጠው ሲወዛወዙ ጥራቱ ይቀንሳል። ለድሮው ቲዲኤ1541ኤ ደግሞ ይህ ጨርሶ ጥብቅ ነው፤ እግሩ ከ25 ሚሊቮልት በላይ እንዲወዛወዝ አይፈቀድም።

ይህን የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ጥሩ አድርገው ይሠሩታል፣ የሚሰማም ነው። የመጀመሪያ ሥራህ ይህ እንዲሆን ግን አልመክርህም። ምክንያቴ አንድ ነው፦ ትራንስፎርመር የሚወደው ኢምፒዳንሱ ዝቅ ያለ ምንጭ ነው። ምንጩ ዝቅ ሲል ባሱ አይወድቅም፣ ብረቱ የሚፈጥረው መዛባትም አብሮ ይቀንሳል። ቁጥሩን እየው፦ 10 ሄንሪ (የጥቅል መለኪያ ነው) የሆነ ፕራይመሪ ከ600 ኦም ምንጭ ቢነዳ ባሱ መውደቅ የሚጀምረው 9.5 ሄርዝ ላይ ነው፤ ያው ፕራይመሪ ከ5 ኪሎኦም ምንጭ ቢነዳ 80 ሄርዝ ላይ ይጀምራል። ከኦፕ-አምፕ የተሻለ ዝቅተኛ ምንጭ ከየት ታመጣለህ?

ስለዚህ የምመክርህ ይህ ነው። ቦርድህ በየቻናሉ ሁለት አይ-ቪ ኦፕ-አምፖችና የአንዱን መውጫ ከሌላው የሚቀንስ ሦስተኛ ኦፕ-አምፕ አለው። ሦስተኛውን ብቻ አንሣው። ሥራው ሁለቱን እግሮች አንድ ማድረግ ነበር፤ ያንን ትራንስፎርመሩ በተፈጥሮው ይሠራዋል፣ ያውም ሁለቱም እግር ላይ እኩል የመጣውን ጫጫታ እየጣለ። ፕራይመሪውን በሁለቱ አይ-ቪ መውጫዎች መካከል አድርግ።

መጀመሪያ ግን ልኩን እናስተካክል። አይ-ቪው ላይ 820 ኦም ካገኘህ፣ 7.8 ሚሊአምፒር በ820 ሲባዛ በየእግሩ 6.4 ቮልት፣ በሁለቱ መካከል 12.8 ቮልት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ ቅድም ያልኩህ 4.5 ቮልት አርኤምኤስ ይህ ነው። ለቤት አምፕሊፋየር ይበዛል፣ ብረቱንም ያለ ምክንያት ያስጨንቃል። ሁለት ለአንድ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ካገኘህ 2.25 ቮልት ይሰጥሃል፣ አምፕሊፋየርህ 10 ኪሎኦም ቢሆን እንኳ ለኦፕ-አምፖቹ 40 ኪሎኦም መስሎ ይታያል፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ። አንድ ለአንድ ከሆነ ያገኘኸው፣ 820ዎቹን በ360 ኦም ተካቸውና 2 ቮልት ይሁን፤ የሲዲ ማጫወቻ ልክ ነው። 820ው ላይ ተደርባ ያለችው ካፓሲተር 2.2 ናኖ ከሆነች ወደ 4.7 ናኖ ቀይራት፤ አለበለዚያ ፊልተሩ ከ88 ኪሎሄርዝ ወደ ሁለት መቶ ይሸሻል። ኦፕ-አምፖቹ ኤንኢ5534 ከሆኑ በፒን 5 እና 8 መካከል 22 ፒኮፋራድ መኖሩን እይ፤ ከሌለች በራሳቸው ሊጮኹ ይችላሉ።

ቀጥሎ ያለውን ነገር ሳትፈትሽ ፕራይመሪውን እንዳታያይዝ። መልቲሜትርህን በዲሲ ሚሊቮልት አድርገህ በሁለቱ አይ-ቪ መውጫዎች መካከል ለካ፤ ሙዚቃ ሳይኖር። ያ 6.2 ሚሊአምፒር በ360 ኦም 2.2 ቮልት ያህል ይሠራል፣ በሁለቱም እግር። ሬዚስተሮቹ ባለ 1 በመቶ ሆነው ቢለያዩ 22 ሚሊቮልት ልዩነት ይወጣል። የፕራይመሪው ሽቦ 1.5 ኪሎኦም ከሆነ በውስጡ የሚያልፈው 15 ማይክሮአምፒር ነው፤ ይታገሣል። 60 ኦም ከሆነ ግን 0.37 ሚሊአምፒር ያልፋል፤ ለትንሽ የኒኬል ብረት ይህ ሸክም ነው፣ ሙዚቃው ገና ሳይመጣ። እኔ ከ5 ሚሊቮልት በታች ካልሆነ አላያይዝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሃያ ሬዚስተር ግዛ፣ በመልቲሜትር እየለካህ መንትዮቹን ለቅመህ ጥንድ ጥንድ አድርግ። ምስር እንደመልቀም ነው፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

«ካፓሲተር ብከትበትስ፣ ዲሲውን አይዘጋም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይዘጋል፤ ግን ከፕራይመሪው ጋር ሌላ ነገር ይፈጥራል። 10 ማይክሮፋራድ ከ10 ሄንሪ ጋር ሲገናኙ 16 ሄርዝ አካባቢ ራሳቸውን ችለው ይወዛወዛሉ። የሽቦው ኦም ካነሰ ባሱ እዚያ ላይ ጉብታ ያወጣል፣ የስፒከርህ ወረቀት ያለ ድምፅ ወዲያና ወዲህ ሲል ታየዋለህ። ግድ ካለህ 470 ማይክሮ የሆነ ዋልታ የለሽ ካፓሲተር አድርግ፤ ውዝወዛው ወደ 2.3 ሄርዝ ይወርድና ማንንም አይነካም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። አንድ ልጅ ውድ ትራንስፎርመር ገዝቶ፣ አስተካክሎ አያይዞ፣ «ሃሙ እንዳለ ነው» ብሎ ሳጥኑን አመጣልኝ። ከፍቼ ሳየው የአርሲኤው ሶኬት በቀጥታ በብረቱ ሳጥን ላይ በዳዶ ታስሯል። ሳጥኑ ከዳኩ ግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ትራንስፎርመሩ የቆረጠውን መንገድ ዳዶው መልሶ ቀጥሎታል። ከሳጥኑ የሚለይ ፕላስቲክ ቀለበት ያለው አርሲኤ ተጠቀም። የሴኮንደሪው አንዱ ጫፍ ወደ መሐሉ ፒን፣ ሌላው ወደ ቀለበቱ ብቻ ይሂድ፤ ከሳጥኑም ከቦርዱም ግራውንድ ጋር እንዳይነካካ። በመልቲሜትር ቀለበቱንና ሳጥኑን ለካ፤ ድምፅ ማሰማት የለበትም። ሬዲዮ የሚገባብህ ከሆነ በሁለቱ መካከል 10 ናኖ ካፓሲተር አድርግ፤ ለ50 ሄርዝ ከ300 ኪሎኦም በላይ ስለሆነች የቆረጥከውን መንገድ አትቀጥለውም። ትራንስፎርመሩ የውስጥ መጋረጃው ሽቦ ካለው እሱን ከሳጥኑ ጋር አያይዘው።

ስለ አቀማመጡ፣ በእጅህ ነው የምታገኘው። ትራንስፎርመሩን ከማሰርህ በፊት ስንዝር በሚሆን በተጠማዘዘ ሽቦ አያይዘው፣ አምፕሊፋየሩን ክፈት፣ ከዚያ ትራንስፎርመሩን በጣትህ ይዘህ ሳጥኑ ውስጥ ቀስ እያልክ አዙረው። ሃሙ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ አንድ አቅጣጫ ላይ ደግሞ ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ ትሰማለህ። ብዙውን ጊዜ ከኃይል ትራንስፎርመሩ ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን ሲሠራ ነው። እዚያው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና እሰረው። ይህን ሳታደርግ ቀድመህ ቀዳዳ ከበሳህ ሁለት ጊዜ ትበሳለህ፤ እኔ በስቻለሁ።

ትራንስፎርመሩን አታውድቀው፤ የኒኬል ብረት ሲመታ ባሕርዩ ይበላሻል። በመኪና ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ ከሆነ በልብስ ጠቅልለው እንዲልኩልህ ንገራቸው። የጥቅሉንም ኦም በመልቲሜትር መላልሰህ አትለካ፤ የመልቲሜትሩ ዲሲ ትንሹን ብረት ማግኔት ያደርገዋል። ከለካህ ደግሞ አትደንግጥ፦ 30 ሄርዝ ድምፅ ጠንከር አድርገህ ልቀቅበትና ድምፁን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብለህ ወደ ዜሮ አውርደው፤ ይለቀዋል።

የት ይገዛል ለሚለው፣ የስዊድኑ ሉንዳል እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ይህን ይሠራል፤ ከአሜሪካ ጄንሰንና ሲኔማግ አሉ። የጄንሰኑ ጄቲ-11ፒ-1 አንድ ለአንድ፣ 10 ኪሎኦም በ10 ኪሎኦም የሆነ የመግቢያ ዓይነት ነው። የመግቢያ ዓይነት የሚባሉት በጥቅሎቻቸው መካከል መጋረጃ ስላላቸው ጫጫታ በደንብ ይለያሉ፤ ግን ከሴኮንደሪው በኋላ ረጅም ገመድ አይወዱም። እነሱን ከመረጥክ ገመዱን አሳጥረው፣ ከተቻለም ትራንስፎርመሩን በትንሽ ሳጥን አድርገህ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ አድርገው። የመውጫ ዓይነቶቹ ረጅም ገመድ ይነዳሉ፣ ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ ጫጫታ ግን እንደ መግቢያዎቹ አይከለክሉም። ጥንዱ ከቦርድህ ዋጋ በላይ እንደሚሆን አስቀድመህ እወቅ። ስትመርጥ መጀመሪያ የምታየው ‹በ20 ሄርዝ የሚችለው ከፍተኛ ቮልት› የሚለውን መስመር ነው፤ ለአንድ ለአንዱ ከ2 ቮልት፣ ለሁለት ለአንዱ ደግሞ በፕራይመሪው ከ4.5 ቮልት በታች ከሆነ ሌላውን ገጽ ማንበብ አያስፈልግህም።

ከገጠምክ በኋላ በኦዳሲቲ (ነጻ የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም ነው) 30 ሄርዝ ድምፅ ፍጠር፣ በዳኩ አጫውት፣ መውጫውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ መልሰህ ቅዳውና ስፔክትረሙን እይ። የሚያስፈልግህ ከ30 ውጭ ምን በቀለ የሚለው ነው። 90 እና 150 ላይ ከበቀለ ብረቱ ወደ ጥጋብ እየተጠጋ ነው፤ ድምፁን ስትቀንሰው በፍጥነት መክሰም አለበት። 60 ላይ ከበቀለ ግን ዲሲ አለብህ፤ ወደ ሬዚስተሮቹ ተመለስ። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው ግማሽ ቀን ከመፈለግ ይድናል።

በጆሮ ስትፈትን ደግሞ በበገና አትጀምር። ሁሉም ሰው ባስ ለመፈተን በገና ያስገባል፤ የበገና አውታር ግን እንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚደረገው የቆዳ ቁራጭ) ራሱ ሆን ተብሎ እንዲነዝር ያደርገዋል፣ የጠገበ ብረት የሚጨምረውን ንዝረት ይሸፍንልሃል። ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ ያለበት ቀረጻ ፈልግ። የዋሽንት ድምፅ ከላይ ሲሆን ለስላሳና ባዶ ነው፣ መደበቂያ የለውም። ከበሮው ሲመታ ዋሽንቱን ብቻ አዳምጥ፤ በምቱ ቅጽበት ከሻከረ ወይም ከተንቀጠቀጠ ብረቱ አልቻለም ማለት ነው። የሸዋ ሮቢቱን ዘፋኝ የቀደደው ይኸው ነበር።

ድምፅ ይሞቃል የሚሉትን በተመለከተ፦ የትራንስፎርመር መዛባት በባሱ ላይ ተከማችቶ ወደ ላይ ሲሄድ የሚጠፋ ስለሆነ፣ ትንሽ ሲሆን ባሱን ወፍራም አስመስሎ ጆሮ ሊወደው ይችላል። የሚወደውን አልከለክልም። እኔ ግን ለእሱ ብዬ ገንዘብ አላወጣም፤ ጥሩ ትራንስፎርመር የምትገዛው እንዳይሰማህ ነው።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ቻርጀሩን ስትነቅል ሃሙ ጠፋ ወይስ አልጠፋም፣ እና አይ-ቪው ላይ ያሉት ሬዚስተሮች ስንት ኦም እንደሆኑ። የአምፕሊፋየርህን የጀርባ ፎቶ ብትጨምርልኝ ደግሞ መግቢያው ስንት ኪሎኦም እንደሆነ አብረን እናያለን። እስከዚያ ድረስ ምንም አትግዛ።